ምንም አልሆነም

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከሰሜን በኩል የመጣ፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ቀስ ብሎ ጥጉን ያዘና ቆመ። ገና በቅጡ ሳይረጋ ረዳቱ ከጋቢናው ዘሎ ወረደና ጠርዙ የተበላ የእንጨት ታኮ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠ። ከዚያም መኪናውን እየዞረ፣ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠግቶ ግለቱን ይለካ ጀመር። አንዱ ጋ ሲደርስ እጁን ሰብሰብ አደረገና ወደ ጋቢናው ቀና ብሎ ተመለከተ፤ አልተናገረም። ሹፌሩ ግን ገብቷቸዋል። "ይብረድ፤ እስከዚያ ሻይ እንጠጣለን" ብለው ወረዱ። ሽበታቸው የገፋ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው።

አጠገቤ ተቀመጡ፤ እንደ አገሩ ወግ ረዘም ያለ ሰላምታ ተለዋወጥንና ጨዋታ ጀመርን። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ እንደኖሩ ሲነግሩኝ፣ የጸሐፊ ነገር ሆኖብኝ፣ ታሪክ ፈለግሁ። "በዚህ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ምን ገጠመዎት?" አልኋቸው። ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ውስጥ እያዞሩ ጥቂት አሰቡና "ምንም አልሆነም፤ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። ሌላ እስኪጨምሩ ጠበቅሁ፤ አልጨመሩም። ያን ጊዜ መልሱ ባዶ መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን፣ ከዚያ ሰው አፍ ሊወጣ ይችል የነበረው ትልቁ ታሪክ እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ እየተመላለሰ እረፍት ነሣኝ። ይህ ጽሑፍ ያንን ሐሳብ ከአንባቢ ጋር ሆኖ ለማውጣትና ለማውረድ የተደረገ ሙከራ ነው።

ስለ ረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሹፌሮች ክብር ስናነሣ፣ ምናልባት ሳናስተውለው፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ጀግንነት ነው፤ ሰውን ለማዳን ራሱን ለአደጋ የሰጠ ሹፌር። ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ነድቶ ማንንም ያልጎዳ ሹፌር። የመጀመሪያው ቀንና ቦታ፣ ምስክርና ተራኪ አለው። ሁለተኛው ግን አንዳቸውም የሉትም፤ የሥራው ውጤት ያልደረሰ ነገር ነውና። በአሜሪካ ጉድይር የተባለው የጎማ ፋብሪካ ከ1983 እ.ኤ.አ ጀምሮ መንገድ ላይ ሌላውን ሰው ለታደጉ የጭነት ሹፌሮች የጀግንነት ሽልማት ሲሰጥ ኖሯል። ከዚህ ለብቻው፣ አንድ ሚሊዮን ማይል ያለ አደጋ የነዱ ሹፌሮችን ቆጥሮ የማክበር ልማድም በዚያው አገር አለ። ሁለቱን ለይቶ ማክበሩ ብልኅነት ይመስለኛል። አንድ ሚሊዮን ማይል 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በወር ሦስት ጊዜ ደርሶ የሚመለስ የእኛ ሹፌር ያንን ቁጥር ለመሙላት 25 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የአንድ ሰው ጉልምስና በሙሉ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ዕድሜ የፈጀ ሥራ፣ "ምንም አልሆነም" በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ሲነገር ጆሮአችን ለምን አይሰማውም?

በሐይቅ የሚያልፈውን ይህን የወሎ መንገድ ጠጋ ብለን ብናየው ምናልባት ይሰማን ይሆናል። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሹፌር ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ የሸዋ ሮቢትንና የከሚሴን ቆላ አቋርጦ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ እዚያ የሐረጎ ዳገት ይጠብቀዋል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር ርቀት ግን መኪናው 600 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ደሴን አልፎ ወደ ሐይቅ ያቀናል። ከሐይቅ በኋላ የአምባሰል ተራሮች ይቀበሉታል፤ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን እያለ ወደ ወልዲያ ይዘልቃል። በዚህ መስመር ላይ ያለ ቁልቁለት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ጭነት ያዘለ መኪና ወደ ታች ሲገፋ ፍሬን ያንን ግፊት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሹፌሩ አሁንም አሁንም ፍሬን ከረገጠ ብረቱ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው መያዙን ይተዋል፣ በቂ ጊዜ ካልተሰጠውም የፍሬኑ አየር ያንሳል። ያን ጊዜ እግር ረገጠ አልረገጠ ለውጥ የለውም፤ ሹፌሮች "ፍሬን እምቢ አለ" የሚሉት ይኼ ነው። ስለዚህም የቆዩት ለጀማሪዎች የሚያወርሱት ምክር፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚል ነው። መኪና የሚያዘው በማርሽ ነው፤ ፍሬን ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ምክሩ ቀላል ይመስላል። ሲፈጸም ግን ዋጋ አለው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና እንደ ሰው እርምጃ ያዘግማል፤ ከኋላው የተደረደሩት ሚኒባሶች ክላክስ ያንባርቁበታል፤ ባለንብረቱ ስልክ ደውሎ "የት ደረስህ?" ይላል፤ ሌሊቱ ይገፋል፤ ዐይን ይከብዳል። ሹፌሩ በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ትንሽ ፈጠን ለማለት የሚገፋፋውን ነገር እንደገና እምቢ ማለት አለበት። ከጥምዙ ባሻገር ከገበያ የምትመለስ አህያ ነጂ ትኖራለች፣ ከትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ይኖራል፤ ላይኖሩም ይችላሉ። እሱ ግን እንዳሉ አድርጎ መንዳት ግዴታው ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ብናስብ፣ ጥንቃቄ ማለት ያላዩትን ሰው ማክበር ነው ብንል ብዙም የተሳሳትን አይመስለኝም። ያቺ አህያ ነጂ ቤቷ በሰላም ገብታ እሳቷን ስታነድ፣ ከአንድ ሰው የተቀበለችው ስጦታ እንዳለ አታውቅም። ሰጪውም ማንን እንዳዳነ አያውቅም። ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበት፣ ሁለቱም መከናወኑን የማያውቁት በጎ ሥራ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

በሌላ በኩል፣ ፍሬን እምቢ ብሎት መኪናው ወደ ገበያ ሲንደረደር፣ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ጠምዝዞ ራሱን ከብረቱ ጋር ያላተመ ሹፌር ታሪክ በየአገሩ ይነገራል። እንዲህ ያለው ሰው ጀግና መባሉ አያጠራጥርም፤ በቅጽበት ውስጥ የራሱን ነፍስ ከሌሎች ነፍስ አሳንሶ መዝኗልና። ይሁንና ለአፍታ ቆም ብለን ብንጠይቅ፣ ያ መኪና ከመነሻው ለምን ፍሬን አጣ? ምናልባት ሹፌሩ አልተጠነቀቀም ይሆናል፤ ምናልባትም ተጠንቅቆ ባለንብረቱ ሸራውን ለመቀየር ገንዘብ ሰስቶ ይሆናል፤ ወይም የማንም ጥፋት ሳይኖርበት ብረት እንደ ብረትነቱ ደክሞ ይሆናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳንመረምር የምናዜመው የጀግንነት ዜማ፣ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው ያጎደለውን ግዴታ ይሸፍናል ብዬ እፈራለሁ። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቁልቁለት፣ ከእሱ ቀድሞ ፍሬኑን ያስበረደና በሰላም ያለፈ ሌላ ሹፌር ነበረ። ስለ እሱ ማንም አላወራም። ይህን የምለው የመጀመሪያውን ለማሳነስ አይደለም፤ ሁለተኛውም ከዐይናችን እንዳይጠፋ ነው።

ችግሩ በከፊል ከቃላችን የሚመጣ ይመስለኛል። "ጀግና" የሚለው ቃል በአማርኛ ከጦር ሜዳ ተነሥቶ የመጣ ነው። በፉከራና በቀረርቶ የሚሞገሰው ሰው የጣለው ይቆጠርለታል፤ "ገዳይ" የሚለው ቃል ራሱ የክብር ስም ሆኖ ሲዘፈን ኖሯል። አባቶቻችን በዘመናቸው ምክንያት ነበራቸው፤ አልወቅሳቸውም። ሹፌር ግን "ገዳይ" ሲባል የሚደርስበትን እናውቃለን። ለእሱ ያ ቃል ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ጥላ ነው። የእሱ ክብር ማንንም አለመጣሉ ነው። እንግዲህ ምንም ያልጣለ ሰው እንዴት ይፎከርለታል? ቋንቋችን የወደቀውን ለመቁጠር እንጂ ያልወደቀውን ለመቁጠር አልተሠራም ማለት ይቻል ይሆን? ከአምባሰል ወረዳ ከተሞች አንዷ ውጫሌ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተፈረመው ውል አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር በመናገሩ አገር ለጦርነት የተዳረገበት ስም። በዚያች ከተማ በኩል የሚያልፍ ሰው ቃል ሲመርጥ ጠንቀቅ ቢል አይፈረድበትም። "ጀግና" የሚለውን ቃል ለሹፌር ስንሰጥ ከእነ ጦር ሜዳ ትርጉሙ ከሆነ፣ ልናከብር የፈለግነውን ነገር ሳናውቀው እናፈርሰዋለን።

የመንገድ ሰውን ማክበር ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። መኪና ሳይመጣ በፊት ይህንኑ ምድር በአጋሰስና በበቅሎ የሚያቋርጡት ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የቅፍለቱ መሪም ነጋድራስ ይባል ነበር። ማዕረጉ ኋላ የንግድና የቀረጥ ሹመት ሆነ እንጂ ሥሩ ሰውንና ከብትን፣ ጭነትንና ሽፍታን አስተካክሎ በሰላም ማድረስ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ የመኪና ነገር ሊማር ወደ ጀርመን የተላከውና ድምፁን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆነው ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ ተብሎ መሾሙ ምናልባት የአጋጣሚ ነገር ነው። ቢሆንም የቅፍለት መሪው ስምና የመኪና ሙያ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ሙያው በዛ፣ ማዕረጉ ቀረ። ሹፌር ከነጋድራስ ወንበር ወርዶ ስሙ የማይጠየቅ መንገደኛ ሆነ።

ይህ መረሳት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የ1977ቱን ረሃብ ሳስብ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም ማይክል ቡርክ የዘገበውና መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ፊልም ዓለምን ካነቃ በኋላ የመጣውን ርዳታ እናስታውሳለን። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደውን ላይቭ ኤድ የተባለውን የርዳታ ኮንሰርት፣ የአዘጋጁን የቦብ ጌልዶፍንም ስም ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ክብሩ ይገባቸዋል። እህሉ ግን በዘፈን ብቻ ከመርከብ ወርዶ ወሎ አልደረሰም። አሰብ ወደብ ላይ ማጓጓዣ አጥቶ የተከመረበት ጊዜ ነበር። ከዚያ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ሚሌን አልፎ፣ በባቲ ዳገት ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም ወደ ሰሜን በዚሁ በሐይቅና በአምባሰል መንገድ የተጓዘው በሰው እጅ ነው። ኤንትሬ እያልን የምንጠራው አሮጌው ፊያት ዳገት ላይ ሲያቃስት፣ ጦርነት ባለበት አገር፣ ሌሊት መንዳት በሚያስፈራበት ጊዜ፣ ያን ከረጢት ያደረሰው ሹፌር ማን ነበር? በመንገድ ዳር የተኮለኮለውን ረሃብተኛ እያየ፣ የጫነው እህል ለሌላ ጣቢያ የታዘዘ በመሆኑ ሳይቆም ማለፍ የነበረበትስ ምን ተሰምቶት ይሆን? የሰጪዎቹ ስም ተጽፏል፤ የተቀባዮቹ ፊት ተቀርጿል፤ በመካከላቸው መሪ ጨብጦ የነበረው ሰው ግን ስምም ፊትም የለውም።  

ይህ አገር ስም መያዝ የማያውቅ ቢሆን ባልተከፋሁ። ነገር ግን ከዚያች ሻይ ቤት በረንዳ ብዙም ሳይርቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት፣ መጻሕፍት የተገለበጡበት፣ ደቀ መዛሙርት የወጡበት ቦታ ነው፤ በእሳቸው ስም የሚታወቀው ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት የዚያን ገዳም አበምኔቶች፣ ከ1248 እስከ 1535 እ.ኤ.አ፣ ተራ በተራ ለመከተል የቻሉት መነኮሳቱ ስም ይጽፉ ስለነበረ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተሾመ እናውቃለን። ከገዳሙ አጠገብ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ግን፣ መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአገር ስንቅ ያመላለሱትን ሰዎች ዝርዝር ማንም አልያዘም። ገዳማዊና ሹፌር አይነጻጸሩም የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ማመሳሰሌ አይደለም። ሁለቱም ሌሊት ነቅተው ለሌላው የሚደክሙ መሆናቸው ግን ጎን ለጎን እንዳስቀምጣቸው አስገደደኝ።

መቁጠር ካነሣን፣ የሞተውንስ ቆጥረነዋል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብሎ በመንግሥት የተመዘገበው ቁጥር ከ4,300 በላይ ነበር፤ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27,000 በላይ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ ከስሌት፣ ምን ያህሉ ከምዝገባ ጉድለት እንደመጣ ሊያከራክር ይችላል። ይሁንና የሞተውን በትክክል ያልቆጠርን ሰዎች ያልሞተውን እንዴት እንቆጥራለን የሚለው ጥያቄ ከክርክሩ በኋላም የሚቀር ይመስለኛል።

ሽልማትን በተመለከተ አንድ ስጋቴን ሳልናገር ባልፍ ቅን አልሆንም። በአገራችንም ያለ አደጋ ያሽከረከሩ ሹፌሮችን መሸለም አልፎ አልፎ ይታያል፤ መልካም ነው። ግን አንድን ሹፌር በዓመት አንድ ቀን "ተጠንቅቀሃል" ብለን ሸልመን፣ የቀረውን ጊዜ በምልልሱ ብዛት የምንከፍለው ከሆነ፣ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቃላት ነግረነዋል። በአንድ እጃችን ቀስ በል እንላለን፣ በሌላው ፍጠን እንላለን። እሱ የሚሰማው ልጆቹን የሚያበላውን እጅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ ያወጣው የሹፌሮች የሥራ ሰዓት ደንብ፣ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር አርባ አምስት ደቂቃ እንዲያርፍ ከማዘዙም በላይ፣ የመንገድ ደኅንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ሹፌርን በተጓዘው ርቀት ወይም በጫነው መጠን ልክ መክፈልን ይከለክላል። ያ ሕግ ለእኛ ኑሮ እንዳለ ይሠራል አልልም፤ የእኛ ድህነትና የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ነገር ግን ክብር ከዋንጫ በፊት በደመወዝ አከፋፈል፣ በማረፊያ ቦታ፣ በጊዜው በተቀየረ የፍሬን ሸራ እንደሚገለጥ የተረዱ ሰዎች እንዳሉ ያሳያል። ጀግና እያልን የምንጠራው ሰው ጀግና እንዲሆን ያስገደድነው እኛው እንዳንሆን መጠንቀቅ ይገባናል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ነገሩን አባብሰውታል። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ገብቶ ድንበር ሲዘጋ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ግን መንዳት ነበረባቸው። ድንበር ላይ ባለችው ጋላፊ ለምርመራ ተሰልፈው ጠበቁ፤ በየከተማው ደግሞ በሽታ አመላላሽ እንደሆኑ በፍርሃት ታዩ። የምንበላውን ስንዴና የምንታከምበትን መድኃኒት ያመጡልን እነሱ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት እስከ ውጫሌና ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይህ መንገድ የመድፍና የስደት መንገድ ሆነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መኪኖች እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ግጭት መንገዱን መልሶ መልሶ ዘጋው። ሹፌሮች በየስፍራው ታግተዋል፣ ተገድለዋል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ መንዳት ራሱ ጀግንነት አይደለም ወይ የሚል ቢኖር አልከራከረውም። የምለው ቢኖር፣ ሰው እንጀራውን ለማግኘት ጀግና መሆን የማያስፈልገው መንገድ ቢኖረን፣ ሹፌሮቹ ማዕረጉን በደስታ ይመልሱልን ነበር።

ወደዚያች ሻይ ቤት ልመለስና፣ ምናልባት መልሱ ከእኛ የራቀ አይደለም። ቋንቋችን የሚቆጥረው የወደቀውን ነው ብዬ ነበር፤ እንደገና ሳስበው ግን ለቋንቋችን ትንሽ የቸኮልሁበት ይመስለኛል። ወደ ሩቅ የሚሄድ ሰው "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" ተብሎ ይመረቃል። ልብ ብለን ብናየው ይህ ምርቃት አንድም ነገር እንዲሆን አይለምንም፤ መንገዱ እንዲለሰልስ፣ ምንም እንዳይነሣ፣ ምንም እንዳይሰበር ብቻ ይለምናል። ሲመለስ ደግሞ "እንኳን በሰላም ገባህ" እንለዋለን። ምን አመጣህ፣ ምን አሸነፍህ ከማለታችን በፊት መግባቱን እናከብርለታለን። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል በቡና ላይ በዱአ ይታጀባል፤ "አሚን" የሚል ይበዛለታል። እንግዲህ ያልደረሰን ነገር የምናከብርበት ሥርዓት፣ የማንቆጥረውን የምንቆጥርበት መዝገብ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ነበረ ማለት ነው። የጎደለው ይህን ሰላምታ ለዘመድ ብቻ ማስቀመጣችን ይመስለኛል። በደጃችን የሚያልፈው፣ ልጆቻችን በሚሮጡበት ከተማ ውስጥ ፍጥነቱን ቀንሶ የሚያልፈው ሰው፣ ለእኛ ሲል በሰላም መግባቱን ግን አናስተውልለትም።

ሻያችንን ጨረስን። ረዳቱ ተነሥቶ የእጁን ጀርባ ወደዚያ ጎማ አስጠጋ፤ አሁን አልሰበሰበም። ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ሒሳብ ሊከፍሉ ሲሉ ከለከልኋቸው፤ "አብሽር" ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉና ወደ ጋቢናቸው ወጡ። ታኮው ተነሣ፤ መኪናው በከባድ ማርሽ እያጉረመረመ ወደ ደሴ አቀና። "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ" ብያቸው ነበር። "እንኳን በሰላም ገቡ" ግን፣ ከሰሜን ያን ሁሉ ተራራ ወርደው አጠገቤ የተቀመጡትን ሰው፣ ሳልላቸው ሄዱ። እናንተ ሐይቅ ላይም ሆነ ሌላ መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ሰው ብታገኙ፣ መጀመሪያ ያንን ቃል በሏቸው።